ስንቱ ጸደቀ?

በአንድ ከተማ የፓርኮች፣ የመዝናኛና የባህል አገልግሎት መሥሪያ ቤት ውስጥ ለአንድ ዓመት በሪፖርት አዘጋጅነት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ከየክፍሉ የሚመጡትን ወርኃዊ ቅጾች መሰብሰብ፣ ቁጥሮቹን መደመርና በዓመቱ መጨረሻ ከመግቢያ እስከ ማጠቃለያ አንድ ወጥ ሰነድ ማድረግ ነበር። ከተማዋን በስም የማልጠራት የምደብቀው ነገር ኖሮኝ አይደለም፤ የማነሣው ጉዳይ መናፈሻና ቤተ መጻሕፍት፣ መጫወቻ ሜዳና አዳራሽ ባለበት ሁሉ የሚያጋጥም ስለሆነ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ይዤ ለአዲሱ ሰነድ የሚሆን ፎቶግራፍ ፍለጋ ወደ ትልቁ መናፈሻ ሄድኩ። እዚያው ሲሠሩ የሸበቱ አንድ አትክልተኛ አገኘሁና ሰላምታ ሰጥቼ፣ «ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት የተተከሉት ችግኞች በየት በኩል ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በሪፖርቱ ላይ የተከላው ቁጥር በደማቅ ቀለም ታትሞ ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አነበቡትና መልሰው ሰጡኝ።

«የተተከለው ይኸው ተጽፏል። ስንቱ ጸደቀ?»

መልስ አልነበረኝም። ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ዓምድ አልነበረም።

ጥያቄውን እያብሰለሰልኩ ወደ ቢሮ ተመለስኩ። አማርኛችን ሥር ለያዘ ችግኝና ለዳነች ነፍስ አንድ ቃል መስጠቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ባውቅም ነገሩን አስቤበት አላውቅም ነበር። ተከላው በአንድ ቀን ያልቃል፤ መጽደቁ የሚታወቀው ግን ከዚያ በኋላ በሚመጡት፣ ካሜራም ንግግርም በሌለባቸው ቀናት ነው። ከዚያን ዕለት ወዲህ ያየሁትን ሁሉ፣ ዛፉንም ዥዋዥዌውንም ቤተ መጻሕፍቱንም፣ በዚሁ ጥያቄ መመዘን ጀመርኩ፤ ዓመቱ ሲያልቅም ከሪፖርቱ ይልቅ በእጄ የቀረው ይኸው ጥያቄ ነበር።

በደረቁ ወራት አጋማሽ እኚሁ ሰው አንድ የችግኝ ጉድጓድ አጠገብ አስቆሙኝና «ጣትህን ክተት» አሉኝ። ቦቴዋ ውሃ አጠጥታ ካለፈች ገና አንድ ሰዓት አልሞላም ነበር። የአፈሩ ገጽ ጭቃ ነው፤ ከጣቴ ሁለተኛ አንጓ በታች ግን ደረቅ ዱቄት አገኘሁ። ቦቴዋ በቀን ልትሸፍነው የሚገባት መስመር ስላለባት በየጉድጓዱ የምትቆመው ለአፍታ ነው፤ ሾፌሩም ቅጹ ላይ «ውሃ ጠጥቷል» ብሎ ምልክት ያደርጋል፣ ዋሽቷልም ሊባል አይችልም። ነገር ግን እንዲህ ላዩን ብቻ የሚርስ ችግኝ ሥሩን እርጥበቱ ወዳለበት ወደ ላይ ይመልሳል፤ ፀሐዩ ሲበረታም መጀመሪያ የሚቃጠለው ይኸው ላይኛው ሥር ነው። አዲስ የተተከለ ዛፍ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት የሚፈልገው አልፎ አልፎ የሚሰጥ፣ ቀስ ብሎ ወደ ጥልቁ የሚወርድ ውሃ ነው። አትክልተኛው ለዚህ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው፤ አሮጌ ጀሪካን ቂጡን በምስማር ቀዳድተው ከግንዱ አጠገብ ያስቀምጡና ሞልተውት ይሄዳሉ፣ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ሲወርድ ይውላል። ያ ጀሪካን በየትኛውም ቅጽ ላይ አልተመዘገበም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ጉብኝት ሲመጣ «ለዕይታ አያምርም» ተብሎ ተሰብስቧል።

ስለ ዛፍ ብዙ የተማርኩት ከእርሳቸው ነው። አብዛኛው የዛፍ ሥር ያለው ሰው እንደሚያስበው በጥልቁ ሳይሆን ከገጽ እስከ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ባለው አፈር ውስጥ ነው፤ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎም ይሄዳል። ስለዚህ ሕዝብ በብዛት በሚረግጠው፣ ወይም መኪና ለአንድ ዝግጅት ተብሎ በሚቆምበት ሣር ላይ አፈሩ ተጠቅጥቆ አየር ሲያጣ ዛፉ ይታፈናል፤ ምልክቱ የሚታየው ግን ከዓመታት በኋላ በመሆኑ ማንም ከዝግጅቱ ጋር አያገናኘውም። የተከላ ቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በጎ ፈቃደኛው ደስ ብሎት ይመጣል፣ ችግኙ ቀጥ ብሎ እንዲቆምለት አፈሩን ግንዱ ላይ ይከምራል። «አንገቱ ድረስ ቀብረውት ይሄዳሉ» ይሉ ነበር አትክልተኛው። ግንዱ ወደ ሥር ሲወርድ ሰፋ የሚልበት ቦታ ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት፤ ከተቀበረ ቅርፊቱ በእርጥበት ይበሰብሳል። ጉዝጓዙም ቢሆን ለአፈሩ እንጂ ለግንዱ አይደለም፤ ከግንዱ ጥቂት ፈንጠር ተደርጎ ይነጠፋል። ከተከላው ማግስት አካፋ ይዘው በየጉድጓዱ እየዞሩ የተከመረውን አፈር ከየአንገቱ ሲያወርዱ ይውላሉ፤ ይህን ሥራ በቅጽ ላይ ምን ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ደብተር ይዤ ለሦስት ቀን ዞርኩ። ያለፈው ዓመት ሪፖርት ከተከልናቸው ካላቸው ውስጥ በሕይወት ያገኘሁት ከግማሽ በታች ነበር። ይህም ሆኖ ያሳፈረኝ የጠፉት ብዛት አልነበረም፣ ችግኝ ይሞታል። ያሳፈረኝ በአንደኛው መንገድ ዳር ያለ ረድፍ ነው። የሦስት ዓመት ቅጾችን ሳመሳክር ያው ረድፍ በየዓመቱ ተተክሏል፤ ሲደርቅ እንደገና ተተክሎ በየዓመቱ እንደ አዲስ ተቆጥሯል። አንድ ጉድጓድ ሦስት ዛፍ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እኔ ስደርስ ደግሞ ባዶውን ነበር። ሦስተኛውን ዓመት የደመርኩት እኔ ራሴ ነኝ፣ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሪፖርቴ ውስጥ፤ ቁጥሩ ማደጉንም በአንድ ዐረፍተ ነገር አሞግሼዋለሁ።

ይህ የጽሕፈት ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ሥሩ በጀት ውስጥ ነው። የመንግሥት ሥራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚረዳው ካፒታል በጀትና መደበኛ በጀት ሁለት የተለያዩ ኪሶች ናቸው። መናፈሻ መሥራት ካፒታል ነው፤ ጥናት አለው፣ ጨረታ አለው፣ ርክክብና ምረቃ አለው፣ ሪባን የሚቆረጥበት ቀን አለው። መናፈሻውን ማጨድ፣ ማጠጣት፣ አምፖሉን መቀየር፣ ሽንት ቤቱን ማጠብና ጥበቃውን መቅጠር ግን መደበኛ ነው፤ ምረቃም የለውም። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካው ይኸኛው ነው፤ በአንድ ሳምንት ቢቋረጥ የሚያስታውቅ ነገር የለምና። እያንዳንዱ አዲስ መናፈሻ ደግሞ በዚያው በጠበበው መደበኛ በጀት ላይ አንድ ተጨማሪ ተመጋቢ ሆኖ ይቀመጣል። ሲመረቅ ያጨበጨብን ሁሉ ሸክሙን ማን እንደሚሸከም አልጠየቅንም።

ይህን ነገር አስቀድሞ የገመተ አንድ ባለጸጋ ነበር። የአሜሪካው የብረት ከበርቴ አንድሩ ካርኔጊ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ በእርሱ ገንዘብ በዓለም ላይ ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት ተሠርተዋል፤ ገንዘቡን የሚጠይቅ ከተማ ግን መሬቱን ማቅረብ ብቻ ሳይሆን የሕንፃውን ዋጋ አንድ ዐሥረኛ በየዓመቱ ለሥራ ማስኬጃ ለመመደብ ቃል መግባት ነበረበት። ስለ ሰውዬው ሀብትና ስለ ሠራተኞቹ አያያዝ የሚነሣው ወቀሳ ብዙ ነው፣ ተገቢም ነው፤ ያቺ አንድ ዐሥረኛ ግን ከሕንፃዎቹ ሁሉ ይልቅ አስተዋይነቱን የምታሳይ ትመስለኛለች። የከተማችን ምክር ቤት አዲስ ሥራ ባጸደቀ ቁጥር ይህችን መስመር ቢጨምር ኖሮ ምናልባት ግማሹ ሥራ አይጀመርም ነበር፤ የተጀመረው ግን ይጸድቅ ነበር።

በሌላ በኩል፣ ዝነኛ መሆን ብቻውን አንድን ቦታ ከመድረቅ አያድነውም። በሕዝብ ገንዘብ ለሕዝብ ተብለው ከተሠሩት ቀዳሚዎች አንዱ የሆነው፣ ጆሴፍ ፓክስተን የነደፈው የእንግሊዙ በርከንሄድ ፓርክ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1847 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ወጣት መጥቶ ጎበኘውና ባለጸጋውም ድኻውም እኩል የሚንሸራሸርበት መሆኑ አስደነቀው፤ ያ ወጣት ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስተድ ነበር። በ1858 ከካልቨርት ቮ ጋር ሆኖ የኒው ዮርኩን ሴንትራል ፓርክ የንድፍ ውድድር አሸነፈ። ሦስት መቶ አርባ ሄክታር ገደማ የሚሰፋው ይህ ፓርክ በዓለም ላይ ስንትና ስንት ከተማ የሚመኘው ሆኖ ሳለ በ1970ዎቹ ሣሩ አቧራ ሆኖ፣ አግዳሚ ወንበሩ ተሰባብሮ፣ ሰው ሲመሽ የሚሸሸው ቦታ ሆኗል። ንድፉ ያው ነው፣ ዛፉና ድንጋዩም ያው ነው፤ የጎደለው በየቀኑ የሚነካው እጅ ነበር። በ1980 የተመሠረተው ጠባቂ ማኅበር ካደረጋቸው ነገሮች መካከል እኔን የሳበኝ ኋላ ላይ የመጣው የአሠራር ለውጥ ነው። ፓርኩን 49 ቦታ ከፋፍለው እያንዳንዱን ለአንድ አትክልተኛ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ የደረቀ ሣር ሲታይ «የማነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ አለው። በእኛ መሥሪያ ቤት የነበረው አሠራር ተቃራኒው ነበር፤ ሠራተኛው በቡድን ሆኖ በመኪና ከመናፈሻ መናፈሻ ይዞራል፣ ሁሉም የሁሉም ነው። አትክልተኛው ስለ አንዲት ዛፍ ሲናገሩ «ያቺ ባለፈው ዓመት ታማ የነበረችው» ማለት የቻሉት ከመኪናው ወርደው በመቅረታቸው፣ ማለትም ደንቡን በመጣሳቸው ነው።

በጀት ሲከራከሩ አንድ ነገር ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ «ሐኪም ቤቱ ሳይሟላ ስለ አበባ እናወራለን?» ይባላል። የእኛ ሰዎችም ለመልስ የሚያነሡት አንድ ጥናት አለ። ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው ነው፤ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ታማሚዎች መካከል በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት፣ የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ይልቅ ቀደም ብለው ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወስደዋል። ጥናቱ አርባ ስድስት ሰዎችን ብቻ የያዘ ቢሆንም ብዙ ምርምር የከፈተ ነው። ይህን መልስ እኔም ለአለቃዬ ንግግር ጽፌለታለሁ። ሆኖም ዛሬም አልወደውም። መናፈሻ ለመኖር የሐኪም ወረቀት ማቅረብ ያለበት ይመስላል። ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ምንም ሳያደርግ የሚውልበት አንድ ቦታ ማግኘቱ በራሱ በቂ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ግን የበጀት ሰነድ ላይ የምጽፍበት ቋንቋ አላገኘሁለትም።

ስለ መቀመጥ ካነሣሁ፣ የአግዳሚ ወንበር ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዊልያም ዋይት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1970 ገደማ ጀምሮ በኒው ዮርክ አደባባዮች ሰዎች የት እንደሚቀመጡ በካሜራ ሲከታተል ቆይቶ የደረሰበት መደምደሚያ ቀላል ነበር፤ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። ሌላም አስተውሏል። ከቦታው የሚነሣ ወንበር ያገኘ ሰው ከመቀመጡ በፊት አንዲት ስንዝር ያህል ያንቀሳቅሰዋል፤ ከፀሐይ ወደ ጥላ የሚወስደው አይደለም፣ ወንበሩን የራሱ ለማድረግ ብቻ ነው። በእኛ መናፈሻ በምሥራቁ በር ያለው አግዳሚ ከሦስቱ ጣውላዎች መካከለኛው ተሰብሮ ነበር። ሰው ግን አልተወውም፤ ሁለት ሰው ሲሆኑ ዳርና ዳር፣ ብቻውን የሆነ ደግሞ የተጣጠፈ ካርቶን አንጥፎ ይቀመጥበታል፤ ሲነሣም ካርቶኑን ለሚቀጥለው ሰው ትቶ ይሄዳል። የጣውላውና የሁለት ቡሎን የግዥ ጥያቄ ከንብረት ክፍል ወደ ግዥ፣ ከግዥ ወደ ፋይናንስ ሲመላለስ ሰባት ወር ወስዷል። በዚያው ጊዜ ውስጥ ካርቶኑ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ የሚያውቁት ተቀማጮቹ ብቻ ናቸው።

ከአግዳሚው ይልቅ ግን የሽንት ቤቱ ቁልፍ አበሳጭቶኛል። ሕንፃው አለ፣ በሪፖርትም «አገልግሎት እየሰጠ ይገኛል» ተብሏል። ቁልፉ ያለው ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው፤ ጥበቃው ምሳ ሲወጣ ቁልፉም ምሳ ይወጣል። ወንዱ እንደምንም ይላል፤ ሴቷና አዛውንቱ፣ ሕፃን የያዘችው እናት ግን ጉብኝታቸውን የሚለኩት በዚያ ቁልፍ ነው። አንዲት እናት ለምን ቶሎ እንደምትሄድ ስጠይቃት «የልጁ ሽንት እስኪመጣ ነው የምንቆየው» ብላኛለች። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የልማት ግቦች ውስጥ እስከ 2030 ድረስ ለሁሉም፣ በተለይም ለሴቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ደኅንነቱ የተጠበቀ አረንጓዴና የሕዝብ ቦታ ይዳረስ የሚል አንቀጽ አለ። ያን አንቀጽ በመግቢያዬ ላይ ጠቅሼዋለሁ። ቁልፉን የትም አልጠቀስኩም። በኒው ዮርክ የአደንዛዥ ዕፅ መሸጫ ሆኖ የነበረው ብራያንት ፓርክ በ1992 ታድሶ ሲከፈት በሽንት ቤቱ ውስጥ ትኩስ አበባ ማስቀመጥ መጀመራቸውን ሳነብ መጀመሪያ ቅንጦት መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ገባኝ፤ አበባው ትኩስ የሚሆነው በየጊዜው ገብቶ የሚያየው ሰው ሲኖር ነው።

የልጆች መጫወቻ ታሪክ ከአንድ ክምር አሸዋ ይጀምራል ቢባል ብዙም አልተጋነነም። እ.ኤ.አ. በ1885 በቦስተን ከተማ በአንድ ጸሎት ቤት ግቢ ውስጥ ለሠፈሩ ልጆች አሸዋ ተከመረላቸው፤ ሐሳቡን ያመጣችው በበርሊን እንዲህ ያለውን ያየች ሐኪም ናት፣ ማሪ ዛክርዜውስካ። በ1943 ደግሞ ዴንማርክ በጀርመን ተይዛ ሳለ በኮፐንሃገን ዳርቻ በኤምድሩፕ ልጆች በጣውላና በቁርጥራጭ እቃ እንዳሻቸው የሚገነቡበት ሜዳ ተከፈተ። ከ1947 ጀምሮ አልዶ ቫን አይክ የተባለ አርክቴክት በአምስተርዳም ውስጥ ባዶ የቀሩ ጥጋጥጎችን እየፈለገ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከ700 በላይ መጫወቻዎች ነድፏል፤ የአሸዋ ገንዳ፣ ጥቂት የብረት ቅስት፣ መረማመጃ ድንጋይ ናቸው። ከእነዚያ ውስጥ እንደነበሩ ቆመው የቀሩት እጅግ ጥቂት ናቸው።

እኔ ያየሁት ግን ዥዋዥዌ ነው። የጥገና ሠራተኛው መሰላል ላይ ወጥቶ ሰንሰለቱ የተንጠለጠለበትን ቀለበት ፈትቶ በእጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከውጭ ሲያዩት ያብረቀርቃል፤ በውስጡ በኩል፣ ብረት ከብረት በሚፋተግበት፣ የጣት ውፍረት የነበረው ተበልቶ የእርሳስ ያህል ቀርቷል። ምድር ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ይህን አያይም። ለዚህ ነው የአውሮፓው የመጫወቻ ዕቃዎች ደረጃ፣ ኢኤን 1176 የሚባለው፣ ሦስት ዓይነት ምርመራ የሚጠይቀው፤ ዘወትር የሚደረግ የዓይን እይታ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ የሚደረግ ጠለቅ ያለ ፍተሻ፣ እንዲሁም ዓመታዊ ዋና ምርመራ። የእኛ ቅጽ የሚጠይቀው «የመጫወቻ ዕቃ ብዛት» ነበር። ዥዋዥዌው ቀለበቱ እስኪገኝ ድረስ በገመድ ተጠቅልሎ ላይ ተሰቀለ፤ ልጆቹ መጡ፣ አንጋጠው አዩት፣ ከዚያም ምሰሶውን መውጣት ጀመሩ።

ስለ መዋኛ ገንዳው ብዙ የምለው የለኝም፤ ከዓመቱ አብዛኛውን ተዘግቶ ነበር። አንድ ነገር ብቻ፦ ገንዳው ሲከፈት ሰው «ክሎሪኑ በዛ» እያለ ያማርራል፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላልና። በእውነቱ ግን ያ ሽታ የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተውም ንጹሑ ክሎሪን ማነሱንና ዋናተኛው ሳይታጠብ መግባቱን ነው። በቅሬታው መሠረት ክሎሪኑ ሲቀነስ ነገሩ ባሰበት።

ዝናቡ ሲገባ መናፈሻው ባዶ ይሆናል፤ ሪፖርቱም በዚያ ሩብ ዓመት «የተጠቃሚ ቁጥር ቀንሷል» ይላል። ሰዎቹ ግን አልጠፉም፣ ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል። በእነዚያ ወራት የንባብ አዳራሹ መስኮት በእርጥበት ደብዝዞ፣ ጃንጥላው ከበሩ ጥግ ተደርድሮ፣ ወንበር የሚገኘው ማልዶ ለመጣ ብቻ ነበር። ሥራ ፈላጊው ማመልከቻውን እዚያ ይጽፋል፣ ተማሪው ቤቱ የሌለውን ጸጥታ እዚያ ያገኛል፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ በየቀኑ መጥተው አንድ ጋዜጣ ከፊት ዘርግተው ያንቀላፋሉ። አዲስ የመጣ ኃላፊ «እዚህ መተኛት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ አሰቀለ። የንባብ ክፍሉን የምትመራው ሴት ማስታወቂያውን አላነሣችም፤ የሽማግሌውን ወንበር ግን ማስታወቂያው ከተሰቀለበት ዓምድ ጀርባ አዞረችላቸው።

ያ ቤተ መጻሕፍት የሚዘጋው ከቀኑ በዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከቢሮ በሚወጣበት ሰዓት። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ዝግ ነው። እንግዲህ ሥራ ያለው ሰው መቼ ይምጣ? በዓመቱ ውስጥ የተገዙት መጻሕፍት ቁጥር በግራፍ ተሠርቶ በሰነዱ ገብቷል፤ አንድ ሰዓት ተኩል አምሽቶ መክፈት ከእነዚያ መጻሕፍት ሁሉ የበለጠ አንባቢ ያመጣ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ነገር ግን ሰዓት በግራፍ አይገዛም፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይጠይቃል፤ ያም መደበኛ በጀት ነው።

የባህል አዳራሹም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይለይም። መድረኩ ሰፊ፣ ወንበሩ ለስላሳ፣ መብራቱም ውድ ነው። የሚከፈተው ለበዓልና ለስብሰባ ሲሆን በቀሩት ቀናት «ዕቃው እንዳይበላሽ» ተቆልፎ ይውላል። የቲያትር ልምምድ የሚያደርጉ ወጣቶች ከአዳራሹ ደጅ፣ ደረጃው ላይ ሲለማመዱ በየሳምንቱ አያቸው ነበር። የላይኛው ደረጃ መድረክ ነው፣ ተመልካቹ ከታች ይቆማል፤ መንገደኛም እየቆመ ያያል። አንድ ቀን ዝናብ ሲያባርራቸው ከበሩ ሥር ተጠልለው የድርሰቱን የመጨረሻ ክፍል በሹክሹክታ ጨረሱት፤ በመስታወቱ ውስጥ ከጀርባቸው ባዶዎቹ ወንበሮች በጨርቅ ተሸፍነው ይታዩ ነበር። በወሩ ቅጽ ላይ «የቀረቡ የኪነ ጥበብ ዝግጅቶች» በሚለው ሥር የሞላሁት ዜሮ ነው። ቅጹ አዳራሽ ውስጥ የተደረገውን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ምንም ሕንፃ የሌለው አገልግሎት እንዴት እንደሚኖር ሳስብ ደጋግሞ ትዝ የሚለኝ የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ እሑድና በበዓል ቀን፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ዛሬ ከመቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌት ይለቀቃል። ስምንት ሰዓት ላይ መከለያው ይነሣል፣ ሁሉም ነገር እንዳልነበረ ይሆናል። የሚመረቅ ነገር የለውም፤ አንድ እሑድ መከለያውን የሚያቆም ሰው ካልመጣ አገልግሎቱ የለም ማለት ነው። በየሳምንቱ እንደ አዲስ ስለሚተከል ይመስለኛል ይህን ያህል ዘመን የቆየው።

ዓመቱ ሲያልቅ የራሴን ሪፖርት አዘጋጀሁ። በችግኝ ሠንጠረዡ ውስጥ «የተተከለ» ከሚለው ቀጥሎ «የጸደቀ» የሚል ዓምድ ጨመርኩ፤ በየመናፈሻው ዞሬ በእጄ የቆጠርኩትን ሞላሁበት። አለቃዬ ረቂቁን አንብቦ ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «ይህ ዓምድ ከሌሎች ከተሞች ጋር ስንወዳደር ይጎዳናል» አለኝ። ሌሎቹ እንደማይቆጥሩት ነገርኩት። «ለዚህ ነው የሚጎዳን» አለ። ትክክል ነበር። ተከራክረን ተስማማን፤ ዓምዱ ከዋናው ክፍል ወጥቶ በመጨረሻው ገጽ ላይ በአባሪ ገባ።

ሰነዱ ታትሞ ሲመጣ አንዱን ቅጂ ይዤ ወደ መናፈሻው ሄድኩ። አትክልተኛው የውሃ ጎማ ሲጠቀልሉ አገኘኋቸው። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ተቀበሉኝና አባሪውን ገልጬ አሳየኋቸው። እንደ መጀመሪያው ቀን ወረቀቱን ራቅ አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፣ የመናፈሻቸው ስም ላይ ሲደርሱም ቆሙ።

«ይህ ቁጥር በምሥራቁ በር ያለችውን ይጨምራል?»

«አዎ ጋሼ፣ እርስዋንም ቆጥሬያለሁ።»

«ትናንት ማታ መኪና ወደ ኋላ ሲል ሰብሯታል» አሉኝ። «አንድ ቀንስ።»

እስክሪብቶ አወጣሁና ቁጥሩን ሰርዤ ከጎኑ አዲሱን ጻፍኩ። እርሳቸውም አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና ጎማቸውን መጠቅለል ቀጠሉ።